ከዝይዋ በላይ ያለፈው ዓይን

አቶ ራዲቮይ ስታኒች ከባቡር ሐዲድ ጠባቂው ከአቶ ኡሮሽና ከወይዘሮ ኮሳራ፣ በኪኪንዳ ከተማ አጠገብ በምትገኝ መንደር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1938 ተወለዱ። ወንድምም እህትም ስላልነበራቸው ልጅነታቸውን ያሳለፉት እንፋሎት በሸፈነው የመስኮት መስተዋት ላይ በጣታቸው እየሣሉ፣ ባቡሩ ሲያልፍም ሥዕላቸው ሲንቀጠቀጥ እያዩ ነበር።

በከተማው የቴክኒክ ትምህርት ቤት ተምረው እንደጨረሱ በአንድ የሸክላ ፋብሪካ በንድፍ ሠራተኝነት ተቀጥረው እስከ ጡረታቸው አገለገሉ። መስመራቸው ተዛንፎ እንደማያውቅ አለቆቻቸው መስክረዋል፤ ከዚያ ያለፈ ምስጋና የፋብሪካው ልማድ አልነበረም። በዚያው የስልክ ኦፕሬተር ከነበሩት ከወይዘሮ ዴሳንካ ጋር ትዳር መሥርተው ስሚልያና የተባለች ሴት ልጅ አፈሩ።

ፋብሪካው የሲኒማ ክበብ በነበረው በዚያ ዘመን፣ ሌሎቹ አባላት ሠርግና ጎርፍ ሲቀርጹ፣ አቶ ራዲቮይ ሰውንና የተሣለ እንስሳን በአንድ ፊልም ላይ ማገናኘት ያዙ። ሰውየው አስቀድሞ ከባዶ ወንበር ጋር እያወራ ለብቻው ይቀረጻል፤ ኋላ ፊልሙ አንድ አንድ ምስል እየተባለ በደብዛዛ መስተዋት ላይ ይበራና፣ በብርሃን አሳላፊ ወረቀት ላይ የተሣለው እንስሳ ከፊቱ ተደርጎ እንደገና ይነሣል። ተዋናዩ ወዴት እንደሚያይ እንዲያውቅም፣ በእንስሳው ቁመት ልክ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት እንጨት ይቆምለትና ቀረጻው ሲጀመር ይነሣበታል።

በዚህ ዘዴ የጀመሩት ፊልም ላለመታረድ ስለምትለምን ዝይ ሲሆን፣ የቤቲቱ እመቤት ሆነው የተጫወቱት ወይዘሮ ዴሳንካ ነበሩ። ጎረቤት በመስኮት እያያቸው ባዶ ወንበር ሲቆጡ፣ «ራዲ፣ አብዷል ብለው ሲወስዱህ እኔንም አብረው እንዳይጭኑኝ!» ይሉ ነበር። ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ግን ዓይናቸው ከወንበሩ በላይ አልፎ፣ ከካሜራው ኋላ የቆሙትን ባላቸውን እያየ ይስቃል። የክበቡ ሊቀ መንበር፣ ፀጉር አስተካካዩ አቶ ጋቭራ፣ «ምነው፣ ዝይህን መሰላል ላይ ልታወጣት ነው?» ብለው አሾፉ። ከፕለም ፍሬ ለቀማው በኋላ እንደገና ሊቀርጹ ተስማምተው ሳለ፣ ወይዘሮ ዴሳንካ በዚያው መኸር ታመሙ፤ በረዶ ሳይጥልም ተቀበሩ።

ሌላ ቀረጻ ስለሌለ አቶ ራዲቮይ ያንኑ ይዘው ቀሩ። ዝይዋን ጠረጴዛ ላይ አወጧት፤ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀሏት፤ ክንፍ ሰጥተው ጣሪያ ሥር አበረሯት፤ የሚስታቸው ዓይን ግን ሁልጊዜ አልፏት ይሄድ ነበር። «ራስህን ሣልና ተገላገል እንጂ!» የክበቡ አባላት ሲሏቸው፣ «እኔማ የነበርኩት ከካሜራው ኋላ ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። በእርግጥም በክበቡ ፊልሞች ሁሉ ውስጥ የእርሳቸው ምስል አይገኝም። ቪዲዮ መጥቶ ክበቡ ሲዘጋ ሥራውን ወደ ማዕድ ቤታቸው አዛወሩ፤ ልጃቸው ኖቪ ሳድ ወደተባለ ከተማ ተድራ ከሄደች ወዲህም በዚያ ቤት የሚናገር ሰው በፊልም ማጫወቻው ላይ ያሉት፣ ድምፅ የሌላቸው ወይዘሮ ዴሳንካ ብቻ ሆኑ። ስሚልያና ለበዓል ስትመጣ፣ «አባዬ፣ እማዬን ተዋት፣ ትረፍ» ትላቸው ነበር፤ እሳቸውም ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ያሳስቧት ነበር።

ሳንባቸው በታመመ በመጨረሻው ዓመት ልጃቸውን አስጠርተው ፊልሙን ግድግዳው ላይ አሳዩዋት። ዝይዋ መጀመሪያ በታሰበላት ወንበር ላይ ተቀምጣ ትለምናለች፤ ወይዘሮ ዴሳንካ ቀና ብለው ሲስቁ፣ ዝይዋም ልመናዋን ትታ አንገቷን ታዞርና፣ ወይዘሮዋ የሚያዩትን ታያለች። ሁለቱም ከግድግዳው ላይ ሆነው፣ ከማጫወቻው አጠገብ ስሚልያና ወደ ተቀመጠችበት ወንበር ይመለከታሉ። ስሚልያና ከዚያ ወንበር ተነሥታ አባቷን በቦታዋ አስቀመጠቻቸው፤ ፊልሙንም እንደገና አስጀመረችው።

አቶ ራዲቮይ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ያረፉት ከዚህ ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ልጃቸውን ስሚልያናን፣ የልጅ ልጃቸውን ኦግንየንንና የረጅም ዘመን ወዳጃቸውን አቶ ጋቭራን ትተው ሄደዋል። ሌላውን ሁሉ እያዩ ራሳቸው ሳይታዩ የኖሩትን እኚህን ሰው፣ እግዚአብሔር ፊት ለፊት ይያቸው፤ ነፍሳቸውንም ቀድመው ከሄዱት ባለቤታቸው ዘንድ ያሳርፍልን። አሜን።