የቁም ተዝካሬ ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው በሕይወቱ ሳለ ተዝካሩን ቢያወጣ ማንም አይገርመውም ነበር። ካህናቱን ጠርቶ፣ ዘመድ አዝማዱን አብልቶ አጠጥቶ፣ «እንግዲህ ስሞት አትቸገሩ» ይላል፤ የቁም ተዝካር ነው የሚባል። ታዲያ እኔም አምና አወጣሁ፣ ለነፍሴ ብዬ ነው አልላችሁም፣ ምን ያስዋሸኛል? ለሁለቱ ልጆቼ ብዬ ነው።

እናታቸው ያረፈች ጊዜ ትልቋ ልጄ የሺ «አባባ ብቻውን አይቀመጥም» አለችና እዚህ ጎንደር ከቤቷ አመጣችኝ። ሸጋ አደረገች። ታናሽ ወንድሟ ማሩ ቆላ ወርዶ ሳንጃ ነው የሚያርስ፣ እና «ምነው ሳታማክሪኝ? አገሩ ‹አባቱን የጣለ› እያለ እንዲያማኝ ነው?» አለና ኮረፈ። ሦስት ዓመት ኮረፈ! እሷ ደግሞ «ታላቅ ሆኜ ታናሽ ደጅ ልጠና? ሞቼ ነው!» ትላለች። እኔ ስልክ የለኝም፣ በእሷ ስልክ ስደውል ቁጥሯን ያይና አያነሳም፣ እና አንዷ ልጄ እያጎረሰችኝ አንዱን በቁሙ አጣሁት። ናፈቀኝ፣ ትሰሙኛላችሁ? ልጄ ናፈቀኝ።

ታዲያ ሳንጃ እየወረደ ሰሊጥ የሚነግድ ጎረቤት አለን፣ «ማሩን ‹እሑድ የቁም ተዝካሬ ነው፣ እንዳትቀርብኝ› በልልኝ» አልሁት። ሰውየው ምን ብሎት ቢያርፍ ጥሩ ነው? «የአባትህ ተዝካር እሑድ ነው!» «የቁም» የምትለዋን ዋጣት።

እሑድ ከዳሱ ውስጥ ከካህናቱ መሃል ተቀምጬ ጠላዬን ስጠጣ ከደጅ ዋይታ ሰማሁ። ማሩ ነው፣ ራሱን ተላጭቶ፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየደቃ፣ «አባቴ! ደጅህን ሳልረግጥ! ዓይንህን ሳላይ! የሺ፣ ምነው ሳትነግሪኝ ቀበርሽው?» እሷም ጭልፋዋን እንደያዘች ወጥታ «አንተ ሟርተኛ! ማን ሞተና ነው?» አለችው። በሦስት ዓመት የመጀመሪያ ወሬያቸው ይኸው ነው።

«ማሩ፣ ግባ እንጂ» አልሁት። ቆመ። አየኝ። ከዚያ ጉልበቴ ላይ ወደቀ፣ እና እሷ ጭልፋውን ጥላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፣ እና እኔም አለቀስሁ፣ ለምን እደብቃለሁ? የንስሐ አባቴ «እንግዲህ ተዝካሩ ይቆይ፣ ለቅሶው ገና ነው» አሉ።

አሁንማ «ክረምቱን ከእኔ ጋ ነው»፣ «የለም፣ ከእኔ ጋ ነው» እያሉ ይጨቃጨቃሉ። ይጨቃጨቁ! ፊት ለፊት ነው።

«አያ ውበቱ፣ እንዲህ ካለቀሰ እንግዲያ አንቱ የሞቱ ዕለት ማሩ ምን ሊያደርግ ነው?» ትሉኛላችሁ?

አያልቅስ። እኔ ሰምቸዋለሁ። ያን ዕለት ቢያለቅስ ማን ይሰማለታል?