መሪጌታና ዲስኬቱ

አዲስ አበባ ልከው ኮምፒውተር አስተማሩኝና ደብረ ታቦር ተመለስኩ። መሥሪያ ቤታችን ግን ኮምፒውተር አልነበረውም። እስኪመጣ ድረስ ትምህርቱን የጠየቀኝ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ መዝገብ ቤት የሚሠሩት መሪጌታ። እኔ ከደብተሬ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው እንደ ዳዊት እየደጋገሙ በቃላቸው ይይዛሉ። «ይጻፉት እንጂ መሪጌታ፤ በቃል ያለ ይረሳል» ብላቸው «ድገምልኝ» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ ዲስኬት ከሚባል ስስ ፕላስቲክ ጋር መጣ። ኃላፊያችን ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ «በል ጓድ፣ አሳየን» አለኝ። አበራሁት። ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ። ደብተሬ ቤት ቀርቷል። አጠፋሁት፣ እንደገና አበራሁት፤ ያው ዝም። ኃላፊው «ሰበርከው እንዴ?» አለ። በዚያ ዘመን የመንግሥት ንብረት መስበር ቀልድ አልነበረም።

ይሄኔ መሪጌታ ከኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ሰው አወረዱት፦ «መጀመሪያ ዲስኬቱ ይገባል። ቀጥሎ ማሽኑ ይበራል። ማሽኑ በድን ነው፤ ነፍሱ ያለችው ዲስኬቱ ላይ ነው።»

ዲስኬቱን ከትቼ አበራሁት። ፊደል መጣ።

ኃላፊው ወደ መሪጌታ ዞሮ «እርስዎን ማን አስተማረዎት?» አላቸው። በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙት።

«ታዲያ እሱ እንዴት አላወቀውም?»

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እሱማ ጽፎታል።»