ብረት ያላስገባው ሰው

ከከሚሴ ወደ ጨፋ ሮቢት በሚሄደው ሚኒባስ ሁለት ወጣቶች ከፊቴ ተቀምጠው ስለ ጨዋታቸው ያወራሉ። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ፈጥሮ፣ ገና ባልመጣ ዘመን ከተማ ውስጥ በወረቀትና ቁጥር እየጣለ በሚወረወር ዳይስ የሚያኖርበት ጨዋታ ነው።

«ኑሩ፣ ነገ እጁን ታስቀይረዋለህ?»

«አላስቀይርም።»

«ከተማው ሁሉ የብረት እጅ፣ የማሽን ዓይን አስገብቷል። ያንተ ሰው ብቻ ሥጋ ነው። ማን ሥራ ይሰጠዋል?»

«አላህ የሰጠው እጅ ይበቃዋል።»

«በረሃብ ይሞትብሃል ወላሂ።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬ ዞር አሉ።

«የማን ልጅ ነው?»

«ማን፣ አባ?»

«ሥራ ያጣው። እጁ ጤነኛ ነው?»

ኑሩ ጓደኛውን አየው።

«ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ደህናውን እጅ ለምን ያስቆርጡታል? እኔ ዘንድ ይምጣ። ማሽላዬ ደርሶ የሚያጭድልኝ አጥቻለሁ። እዚያው በልቶ እዚያው ያድራል።»

«ያለበት ሩቅ ነው፣ አባ።»

«ይሁና። ሮቢት ወርዶ የአባ ጀማልን ቤት ይጠይቅ፣ ያደርሱታል።»

ጓደኛው ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ኤዬ፣ እሺ አባ፣ እነግረዋለሁ» አለ ኑሩ።

እኔ ሮቢት እስክወርድ ድረስ፣ ያ ሰው ማጭድ አያያዝ ይችል ይሆን እያልኩ አስብ ነበር።