ተከፍቶ የማያውቀው የጋሼ ጠሀ ሞተር

መንገድ ያለ ነገር ሰው አያገናኝም ይባላል። ጋሼ ጠሀ ግን ያን ቀን ከኢክራ ጋር ባይገናኙ ይመርጡ ነበር። ከሶማሌ ተራ የጨርቅ ጣቃ በሞተር ሳይክላቸው ጭነው፣ አንዋር መስጊድ አጠገብ ወዳለው ሱቃቸው ሲመለሱ፣ ልጅቷ በሩ ላይ ጆሮዋን አቁማ ጠበቀቻቸው። ኢክራ የጎረቤት ልጅ ናት፤ ከረሜላ እየሰጡ ያሳደጓት። አሁን መካኒክነት ተምራ ጭድ ተራ አካባቢ የራሷን ጋራዥ ከፍታለች። ጋሼን የሚያሰጋቸውም ይኸው ነው። የተማረ ሰው ደህናውንም ነገር ሲያይ እጁን ይበላዋል ብለው ያምናሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ሳላይ ሞተርዎን ከሩቅ ሰማሁት» አለች ሰላምታ ከሰጠች በኋላ። «ውስጡ ይንኳኳል። ሰንሰለቱ አልቋል።»

«ሰንሰለቱንማ በየጁምዓው እኔው ራሴ ዘይት እቀባዋለሁ።»

«እሱ ጎማ የሚያዞረው የውጪው ነው። እኔ የምለው ሞተሩ ውስጥ ያለውን ነው።»

«ሞተር ውስጥ ደግሞ የምን ሰንሰለት ነው? እስረኛ አለበት እንዴ?» ብለው ሳቁ። ወዲያው ግን ኮስተር አሉ። «ስሚ ልጄ። ይህ ሞተር ከገዛሁት ጀምሮ ብሎን አልተፈታበትም። መርካቶን ዙሪና ተከፍቶ የማያውቅ ሞተር ያለው ማነው ብለሽ ጠይቂ። ወደ እኔ ይጠቁሙሻል።»

እውነታቸውን ነው፤ ይጠቁማሉ። የእኛ ሰው ሞተር ሊገዛ ሲመጣ መጀመሪያ «ተከፍቷል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ አልተከፈተም ከተባለ ለባለቤቱ ክብር ነው። ጋሼ ጠሀም ኳኳታው ባየለ ቁጥር ወፍራም ዘይት እያፈሰሱበት ክብራቸውን ጠብቀው ኖረዋል። ወፍራም ዘይት ድምፁን ለጥቂት ቀን ያፍነዋል እንጂ በሽታውን አያድንም። ይህን ግን ማን ደፍሮ ይንገራቸው?

«ያልተከፈተ ማለት ያልታመመ ማለት አይደለም፣ ጋሼ» አለች ኢክራ በትሕትና። «ያ ሰንሰለት ሞተሩ አናት ላይ ያሉትን ቫልቮች፣ የአየርና የጭስ በሮቹን፣ በየሰዓታቸው የሚያስከፍትና የሚያዘጋ ነው። ሲያረጅ ይረዝማል፤ ሲረዝም ይላላል፤ ከላላ አንድ ቀን ጥርስ ይዘላል። ያን ጊዜ ቫልቩ ሳይዘጋ ፒስተኑ ወጥቶ ይመታዋል፤ ሞተሩም እዚያው መንገድ ላይ ያበቃለታል።»

«እኔ እኮ ለአረፋ ስልጤ መድረስ አለብኝ። እናቴ በሯን ከፍታ ነው የምትጠብቀኝ። ዕድሜዋም ገፍቷል፤ የሚቀጥለውን አረፋ ማን ያውቃል? አንቺ ብትንትኑን አውጥተሽ መግጠሙ ቢያቅትሽ ምን ልሆን ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው አይደል?»

ይህን ሲሉ ሚስታቸው እትዬ ፈሪዳ ከሱቁ ውስጥ ብቅ አሉ።

«ልጄ፣ አትድከሚ። እኔ ዘንድሮ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። እሱ ከሞተሩ ጋር መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ሳየው እጄን አውለብልቤለት አልፋለሁ።»

ይህ ነገር ጋሼን ከነከናቸው። ያለ ፈሪዳ አረፋ ውለው አያውቁም፤ እናታቸውም ቢሆኑ መጀመሪያ የሚያቅፉት ምራታቸውን ነው። ቢሆንም አንድ መከራከሪያ ቀርቷቸው ነበር።

«ድምፁም ይጠቅመኛል። ክላክሱ ከሞተ ቆይቷል። ሸክም የተሸከመው ሁሉ ኳኳታውን ሲሰማ ‹ጠሀ መጣ› ብሎ ዘወር ይልልኛል።»

«ክላክሱንም አብረን እንቀይረዋለን» አለች ኢክራ ሳቋን ለመደበቅ እየታገለች። ከዚያ ባንኮኒው ላይ ያለውን የብረት ሜትር አነሳች። «ጋሼ፣ ድሮ የሚለኩት በጨርቅ ሜትር ነበር። ምን ሆነ?»

«ተለጥጦ ነዋ። ስለካበት ስለካበት ኖሬ፣ አንድ ሜትር ነው ብዬ የምቆርጠው ከሜትር ያልፍ ኖሯል። ስንቱ ጨርቅ ሳላውቀው ከሱቄ ወጣ።»

«ለካ እናቴ ሌላ ሱቅ አልሄድም ያለችው ለዚህ ነው።»

«እኔ ደግሞ ጉርብትናው መስሎኝ።»

«መለጠጡን ሲያውቁ ታዲያ ምን አደረጉ?»

«በዚያው ቀን ጣልኩት። መለኪያ ከዋሸ ምን ቀረ?»

«የሞተሩም ሰንሰለት መለኪያ ነው፣ ጋሼ። ጊዜ ይለካል። አሁን ተለጥጦ እየዋሸ ነው።»

ጋሼ ጠሀ የብረት ሜትሩን ከእጇ ተቀብለው ኪሳቸው ከተቱት። ግትር ናቸው፤ ጉራም አያጣቸውም፤ በመለኪያ ነገር ግን አይቀልዱም።

«እሺ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ተከፈተ ብለሽ ለማንም እንዳትናገሪ።»

ጋራዡ ውስጥ የመጀመሪያው ብሎን ሲፈታ ማየት አልቻሉም፤ ሶላት ደረሰ ብለው ሹልክ አሉ። ሲመለሱ ኢክራ አሮጌውንና አዲሱን ሰንሰለት አንድ ሚስማር ላይ ጎን ለጎን ሰቅላ ጠበቀቻቸው። የሁለቱም ቀለበት በቁጥር እኩል ነው። አሮጌው ግን ከአዲሱ ዝቅ ብሎ ተንጠልጥሏል። ጋሼ ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለኩ፤ አላመኑም፤ ደግመው ለኩ።

«ይህን ሌባ ነው ለካ ዘይት እያጠጣሁ የኖርኩት» አሉ።

ኢክራ ምልክቱን ከምልክቱ አስተካክላ አዲሱን ሰንሰለት ገጠመች፤ መወጠሪያውንም ቀየረች። ሞተሩን ቀስ አድርጋ በእጇ አዙራ ምንም እንደማይጋጭ ካረጋገጠች በኋላ፣ ከድና መነሻውን አንዴ ረገጠችው። ጋሼ ጠብቀው ጠብቀው «አልተነሳም፤ ድገሚው» አሏት። ተነስቶ ነበር።

ለአረፋ ሲወርዱ እትዬ ፈሪዳ የአውቶቡሱን ነገር ረስተው ከኋላ ተቀመጡ። ሞተሩ ዳገቱን ሳያቃስት ወጣ፤ ቤንዚኑም እንደ ድሮው ቶሎ አላለቀም። ሳይቃጠል በቅጠል ያለ ሰው ይህን ሁሉ ያተርፋል፤ በተለይ ደግሞ ጆሮውን ያተርፋል። ፈሪዳ በየዓመቱ በዚህ መንገድ ላይ ዱዓ ያደርጋሉ። ጋሼም በኳኳታው መሃል ማጉረምረማቸውን ብቻ እየሰሙ፣ በሰላም አድርሰን የሚሉ መስሏቸው፣ «አሚን» ይሉ ነበር። የእናታቸው መንደር ሲቃረብ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሙት።

«ያ ረቢ፣ የዚህን ሰውዬ ግትርነት አንሳልኝ። ምክር የሚሰማ አድርግልኝ። ቀስ ብሎ የሚነዳም አድርግልኝ።»

«በየዓመቱ የምትይው ይህን ነው?» አሉ ጋሼ ደንግጠው።

«ይህንኑ ነው። አንተም ጮክ ብለህ አሚን ስትል ነው የኖርከው። ሁለቱን አላህ ተቀብሎኛል፤ የቀረው ሦስተኛው ነው።»

ጋሼ ጠሀ «አሚን» አሉና ነዳጁን ቀነሱ።