የአሥር ሰዓት ጥሪ

በጎጃም መንገድ ዳር ባለች ከተማ፣ የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፤ የቀድሞው ስልከኛ አቶ አጎናፍር በራዲዮ መጠገኛ ሱቁ የወንድሙን ልጅ የሐመልማልን የላፕቶፕ ቻርጀር ስፒና እየቀየረ።

ሐመልማል፦ አንድ ደቂቃ አይሞላም እኮ ጋሼ! በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን እደውላለሁ፤ «አለሁ» እላለሁ፤ እርስዎ «እሺ» ይላሉ፤ በቃ።

አጎናፍር፦ አላነሣም።

ሐመልማል፦ እሺ ዘጠኝ ሰዓት ላድርገው?

አጎናፍር፦ ዘጠኝም አላነሣም። አሥርማ ጭራሽ አይነሣ! ካቻቢቴውን አቀብይኝ፤ ትንሹን።

ሐመልማል፦ ከተማው እውነቱን ነው ማለት ነው። «ስልከኛው ስልክ አያነሣም» እያሉ ሲስቁ፣ እኔ ስለ እርስዎ ስጣላ ኖርኩ።

አጎናፍር፦ ከተማው ሲስቅብኝ የመጀመሪያው አይደለም። ሥራ ያለው ሰው በእግሩ ይመጣል። ደግሞስ እናት አለሽ አይደል? ለሷ ደውይ።

ሐመልማል፦ እማዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር መርዶ ይመስላታል። አንድ ቀን መስመር ጠፍቶ ባልደውል ነጠላዋን ዘቅዝቃ ነው የምትቀመጠው። እኔ የምፈልገው ሳይደነግጥ የሚያነሣ፣ ካልደወልኩ ደግሞ ዝም ብሎ የማይቀመጥ ሰው ነው። መሥሪያ ቤቴም ቅጽ ልኮልኛል፤ «በአደጋ ጊዜ የሚጠራ ሰው ስምና ስልክ» ይላል። ዛሬ መሙላት አለብኝ፤ ነገ ጠዋት ወደ ናይሮቢ መንገደኛ ነኝ።

አጎናፍር፦ መሥሪያ ቤቴ ትላለች! በር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ አለቃውን በዓይንሽ አይተሽው አታውቂ!

ሐመልማል፦ አለቃዬን በየሰኞው በካሜራ አያታለሁ።

አጎናፍር፦ ከወገቧ በላይ። ከወገቧ በታች ጅብ ትሁን ምን ታውቂያለሽ?

ሐመልማል፦ ጅብም ብትሆን ሳትበላኝ ሁለት ዓመት አለፋት። የሰው ድምፅ ትልክልኛለች፤ እየሰማሁ እጽፍላታለሁ። እንደ እርስዎ ሥራ ነው እኮ፤ ጆሮ ነው።

አጎናፍር፦ እንደ እኔ ሥራ አትበይ!

ሐመልማል፦ ምነው? ምን ክፉ ተናገርኩ?

አጎናፍር፦ ምንም። እሱንስ እዚሁ ቁጭ ብለሽ ብትሰሚው ምን አለበት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ናይሮቢ ማን አለሽ?

ሐመልማል፦ ሰው የለኝም፤ መስመር ነው ያለኝ። ባለፈው እዚህ ኔት ሲጠፋ ዘጠኝ ቀን እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ። «ሁለተኛ ከጠፋሽብኝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» ብላኛለች። ደግሞ ሦስት ወር ነው፤ የዝናቡ ጊዜ እስኪያልፍ።

አጎናፍር፦ ሁሉም ሦስት ወር ብሎ ነው የሚሄደው።

ሐመልማል፦ ሁሉም ማለት ማን ነው?

አጎናፍር፦ ... ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ላፕቶፑን በምን ልትይዢው ነው?

ሐመልማል፦ ከእጄ አይወጣም። ከልብስ ሻንጣ ጋር አላስጭነውም፤ አውሮፕላን ላይም ከእግሬ ሥር ነው። ከተማ ውስጥ ቦርሳውን ወደ ደረቴ አዙሬ እይዘዋለሁ። ቢሰረቅ እንኳ የጻፍኩት ሁሉ ሌላ ቦታ ቅጂ አለው፤ የሚሄደው ዕቃው ነው። ሲም ካርድ ሁለት ነው፤ አንዱ ቢሞት አንዱ አለ። በየካፌው ነፃ ዋይፋይ ላይ ደግሞ የሥራ ነገር አልከፍትም።

አጎናፍር፦ ነፃ ከሆነ ምን ከፋሽ?

ሐመልማል፦ መሐል ላይ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ይኖራላ። ሲፈልግ ይሰርቃል፤ ሲፈልግ ያቋርጣል።

አጎናፍር፦ ይኖራል። እውነትሽን ነው፤ መሐል ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁልጊዜ አለ። ... ስንት ሰዓት ሆነ?

ሐመልማል፦ ለአሥር ሩብ ጉዳይ። ከመጣሁ ሦስተኛዎ ነው ሲጠይቁኝ። ቀጠሮ አለዎት?

አጎናፍር፦ ኧረ ምን ቀጠሮ! በዚህ ዝናብ ማን ይመጣል?

ሐመልማል፦ እንግዲያው ይህን ይያዙልኝ። ካልደወልኩ ምን እንደሚያደርጉ በተራ በተራ ጽፌዋለሁ። መጀመሪያ አንድ ሰዓት ይጠብቃሉ። ከዚያ አከራይዋ ጋ ይደውላሉ፤ አማርኛ ትሞክራለች። እሷ ካላየችኝ ወንበርና መስመር ተከራይቼ የምሠራበት ቤት ቁጥር ከሥሩ አለ፤ ከዚያ ኤምባሲው። የፓስፖርቴም ቅጂ ከጀርባው...

አጎናፍር፦ ወረቀት አትስጪኝ!

ሐመልማል፦ ምን?

አጎናፍር፦ ወረቀት አትስጪኝ አልኩሽ! እኔ እጅ የገባ ወረቀት የትም አይደርስም። ወስደሽ ለቄሱ ስጪው፣ ለመድኃኒት ሻጩ ስጪው፤ ለፈለግሽው ስጪው።

ሐመልማል፦ ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ራዲዮ ያስፈታቱኝ እርስዎ ነዎት። በየመስከረሙ ደብተሬን ይዘው የሚመጡት እርስዎ ነበሩ። ለመድኃኒት ሻጩ የወንድም ልጅ አይደለሁም።

አጎናፍር፦ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል።

ሐመልማል፦ እርስዎ መቼ ሩቅ ሆኑና?

አጎናፍር፦ ይኸው ስፒናሽ። የነሱ ግድግዳ ሦስት ቀዳዳ ነው፤ የኛው ባለ ሁለት ጥርስ አይገባውም። አጥብቄዋለሁ። ስትነቅዪው ገመዱን አትጎትቺ፤ ራሱን ይዘሽ። ገመድ... ገመድ እንዲያው በንዴት አይነቀልም።

ሐመልማል፦ እሺ፣ ራሱን ይዤ እነቅለዋለሁ።

አጎናፍር፦ እንዲያ ነው። ... ሰማሽ?

ሐመልማል፦ ምኑን?

አጎናፍር፦ ጠብ ያለውን።

ሐመልማል፦ ጣሪያዎ ያፈሳላ! ያ የሞተ ራዲዮ ላይ ነው የሚንጠባጠበው። ከልጅነቴ ጀምሮ እዚያ መደርደሪያ ላይ ነው፤ ለምን አይጥሉትም? ላውርደው?

አጎናፍር፦ እንዳትነኪው!

ሐመልማል፦ ምን ሆነዋል ዛሬ? ያስፈራሉ።

አጎናፍር፦ ጣሪያ አይደለም ልጄ። ስልክ ቤት የምንሠራበት ሰሌዳ ነበረ። ጥሪ ሲመጣ አንዲት ትንሽ ክዳን ጠብ ትላለች፤ ያኔ ገመዱን ሰክተሽ «ሃሎ» ትያለሽ። ሰሌዳው ተነቅሎ ከሄደ ስንት ዘመኑ! ክዳኗ ግን ትታኝ አልሄደችም። ክረምት የለ በጋ የለ፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲቃረብ ጠብ ትላለች።

ሐመልማል፦ ማን ነው የሚደውለው?

አጎናፍር፦ አባትሽ።

ሐመልማል፦ በዚህ አይቀለድም ጋሼ። አባቴ ደውሎ አያውቅም። አንዲት ቀን እንኳ! ሃያ አራት ዓመት እማዬ የምትለው ይህንኑ ነው። ስሙም በቤታችን አይነሣም።

አጎናፍር፦ ስሙ ስማቸው ነው። እኔ ላንሣው። ደውሏል።

ሐመልማል፦ መቼ?

አጎናፍር፦ ሦስት ዓመትሽ ነበር። እሱም ሦስት ወር ብሎ ሄዶ ዓመት አልፎታል። ከካርቱም ጥሪ አስያዘ።

ሐመልማል፦ ጥሪ ማስያዝ ምንድን ነው? በወግ ይንገሩኝ፤ እንዳይዘሉ።

አጎናፍር፦ ያኔ ስልክ በየቤቱ መቼ ነበረ! የሩቅ ሰው ሲደውል አስቀድሞ ያስይዛል። እኔ የጥሪ ወረቀት እጽፋለሁ፤ «ነገ በዚህ ሰዓት ስልክ አለዎት፣ ይቅረቡ» ይላል። ቤት ድረስ አደርሳለሁ። ሰዎቹ ለብሰው፣ ተጣጥበው መጥተው ከአግዳሚው ላይ ይጠብቃሉ። የናትሽን ወረቀት ጻፍኩት። ማኅተም መታሁበት። እና ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።

ሐመልማል፦ ረስተውት ነው። ረስተውት ነው ይበሉኝ።

አጎናፍር፦ አልረሳሁትም።

ሐመልማል፦ ታዲያ ምን በድለንዎት?

አጎናፍር፦ እናንተማ ምን ታደርጉኛላችሁ! እሱ ነው። ለሁለት ልጅ የሚበቃ የለም ተብሎ እኔ ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ እርፍ ጨበጥኩ፣ ኋላ ነው ስልክ ቤት የገባሁት፤ እሱ ተምሮ መምህር ሆነ። ይሁን፣ ታላቅ ነኝ ብዬ ቻልኩት። በሰርጉ ቀን ኮት ተውሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ሄድኩ። ዳሱ በር ላይ አማቾቹ «ይህስ ማን ነው?» አሉ። ስማቸው ዞሮ አየኝ፤ «ስልከኛችን ነው» አለ። ወንድሜ ነው አላለም። ከበቅሎ ጠባቂዎቹ ጋር ቆሜ በላሁ።

ሐመልማል፦ ለዚህ? ለአንዲት ቃል? አንተ... አንተ ሰው!

አጎናፍር፦ አንተ አልሽኝ?

ሐመልማል፦ ምን ልበልህ? ጋሼ ልበልህ?

አጎናፍር፦ በይ። እንዲያውም ዘገየሽ።

ሐመልማል፦ በማግሥቱስ? አሥር ሰዓት ሲሆንስ?

አጎናፍር፦ ክዳኗ ጠብ አለች። ሰካሁ። «ተጠሪ አልቀረበም» አልኩ፤ በደንቡ እንዲህ ነው የሚባለው። ድምፄን ለየው። «አጎኔ፣ ወንድሜ፣ አንተ ነህ? ሚስቴን ወርቄን ጠይቅልኝ፤ ተመለስ ካለችኝ ነገውኑ ተነሥቼ እመጣለሁ። ዝም ካለችኝ ግን በበረሃው ወደ ሊቢያ የሚሄዱ አሉ፤ ከነሱ ጋር መሄዴ ነው» አለኝ።

ሐመልማል፦ አንተስ ምን አልክ?

አጎናፍር፦ «ስልከኛው ነኝ» አልኩት። ገመዱን ነቀልኩት።

ሐመልማል፦ ነቀልከው?

አጎናፍር፦ አንድ ቀን ላስጠብቀው ብዬ ነው ሐመል። አንድ ቀን ብቻ! እኔን ዳሱ በር ላይ እንዳስጠበቀኝ። ነገም ይደውላል፣ ያኔ ወረቀቱን እወስድላቸዋለሁ ብዬ ቁጭ አልኩ። በማግሥቱ በአሥር ሰዓት ሰሌዳው ላይ አፍጥጬ ነበር። በሳልስቱም። እስከ ዛሬም። ምንም።

ሐመልማል፦ እናቴ ዝም እንዳለችው እያሰበ ነው በረሃ የገባው።

አጎናፍር፦ አዎ።

ሐመልማል፦ እሷ ደግሞ እንደረሳት እያሰበች ነው ያረጀችው። አንተ መሐል ሆነህ በየመስከረሙ ደብተር ታመጣለህ!

አጎናፍር፦ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይላሉ። ውሸት ነው። እኔ የተወጋሁትን ረስቼዋለሁ፤ የወጋሁት ነው ያልተወኝ። ዳሱን እንኳ አላስታውሰውም፤ ድምፁን ግን... «ወንድሜ፣ አንተ ነህ?» ሲል።

ሐመልማል፦ ወረቀቱስ? ቀደድከው?

አጎናፍር፦ ራዲዮዋን አውርጂ። ጀርባዋን ክፈቺ።

ሐመልማል፦ ... «ለወይዘሮ ወርቅያንጥፉ አድማሱ። ነገ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ከካርቱም ስልክ ስላለዎት ከልጅዎ ጋር ይቅረቡ።» ከልጅዎ ጋር ይላል።

አጎናፍር፦ እሱ ነው እንዲያ ብለህ ጻፍ ያለው። አፏን ፈትታ እንደሆነ ልስማት ብሎ።

ሐመልማል፦ እኔም ተጠርቼ ነበር።

አጎናፍር፦ አሁን ገባሽ? ስሜን እዚያ ቅጽ ላይ እንዳትጽፊው። እኔ በመስመር ጫፍ የሚያስቀምጡኝ ሰው አይደለሁም። ይልቅ ቅሪ። ሥራ ሌላ ይገኛል፤ እንጀራ አንድ አይደለም።

ሐመልማል፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አባቴን «ተመለስ» ሳትለው እኔን ቅሪ ትለኛለህ? ስልክህ የት ነው?

አጎናፍር፦ መሳቢያ ውስጥ። በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

ሐመልማል፦ አውጣው። ጠረጴዛው ላይ አድርገው። ለአሥር ሁለት ደቂቃ ይቀረዋል፤ ማዶ መድኃኒት ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሜ እደውላለሁ። ካነሣኸው ስምህን እጽፋለሁ። ካላነሣኸው ቦታውን ባዶ ትቼው እሄዳለሁ፤ እንደ አባቴ፣ ወዲያኛው ጫፍ ላይ ሰው ሳይኖረኝ።

አጎናፍር፦ ይህን ሁሉ ሰምተሽ? ለምን እኔን?

ሐመልማል፦ ስልክ ሳይነሣ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ከአንተ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? ይቅር ያልኩህ ደግሞ እንዳይመስልህ።

አጎናፍር፦ ዝናቡ እኮ...

ሐመልማል፦ ይዝነብ።

አጎናፍር፦ ... ወጣች። ጥላ እንኳ አልያዘች። የጥሪ ወረቀቱንም ትታው ሄደች። ... ጮኸ። ይኸው ጮኸ። ስማቸው፣ አንተ ደግሞ አሁን ጠብ አታድርግብኝ፤ አንድ ጊዜ ዝም በልልኝ፤ ልጅህ ናት። ሦስት ጊዜ ጮኸ... አራት... እጄ እንቢ አለ እኮ! ... አምስት... ሃሎ? ሃሎ!

ሐመልማል፦ ሃሎ። ማን ነዎት? ስልከኛው ነዎት?

አጎናፍር፦ አይደለሁም። የስማቸው ወንድም ነኝ።

ሐመልማል፦ ስምዎን ጽፌዋለሁ ጋሼ። ግን ከእኔ በፊት አንድ ያልደረሰ ጥሪ አለብዎት። እማዬ ቤት ናት፤ ድልድዩን እንደተሻገሩ ነው፣ መንገዱን አይረሱትም። ወረቀቱን ይያዙና ይሂዱ፤ እጇ ላይ እስኪያደርሱት እኔ መስመሩ ላይ ነኝ፤ እንዳይነቅሉት።