ዘጠኝ ሳሪ በአንድ ድስት

ስድስት ዓመት ሩቅ አገር ተምሬ ወደ ከተማችን አህመዳባድ ከተመለስኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ሐሙስ ጠዋት ወተት ልገዛ ስወጣ ጎረቤታችን ጃሹቤን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ከማኒ ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ማኒ በየሰፈሩ እየዞረች አሮጌ ልብስ በብረት ዕቃ የምትለውጥ ሴት ናት። በአንድ በኩል ዘጠኝ ሳሪ፣ ሴቶቻችን ሰውነታቸው ላይ የሚጠመጥሙት ረጅም ጨርቅ፣ ተቆልሏል፤ በሌላው በኩል ክዳኑ የሚያብረቀርቅ ትልቅ ድስት ተቀምጧል።

«ደህና አደሩ አክስቴ። ድስቱ ለኡርቪ መንገድ ነው?» አልኳቸው። ልጃቸው ኡርቪ ሰኞ ቫዶዳራ ከተማ ሄዳ የነርሶች ትምህርት ቤት እንደምትገባ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

«የምን መንገድ? ዘንድሮ አትሄድም፤ የምትለብሰው የላትም። ካልተማረች ማግባቷ አይቀር፣ ለጎጆዋ ዕቃ ላሰባስብላት ብዬ ነው።»

«ቦታዋን ለከርሞ ያቆዩላታል?»

«አናቆይም ብለዋል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከድስቱ ሳያነሱ።

ደረጃው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «ታዲያ ይኼ የተቆለለው ልብስ አይደለም?»

«የኔ አሮጌ ነዋ። ልጄ የእናቷን ውራጅ ለብሳ ሰው መሀል ትግባ? እኔ ስዳር የባሌ እህት ሳጥኔን ሴቶቹ ፊት ከፍታ ሳሪዎቼን አንድ በአንድ አወጣቻቸው። አራት ነበሩ። ‹ሌላው ሳጥን ከኋላ እየመጣ ነው?› አለች። ሠላሳ ዓመት ሆነው፤ ሳቃቸው ዛሬም ይሰማኛል። ኡርቪ ስድስት አዲስ ልብስ ሳትይዝ ከዚህ ደጅ አትወጣም።»

«የተማሪ ማደሪያ እኮ የአማት ቤት አይደለም። ሳጥን የሚከፍት የለም። ቀን ቀን ደግሞ የደንብ ልብስ ነው የሚለብሱት።»

«አንቺ ምን አለብሽ? እዚያ ማንም አያውቅሽ፤ ጆንያ የመሰለ ሸሚዝ አጥልቀሽ ስትዞሪ ኖረሽ መጣሽ። እናትሽ አፍራ ነው ዝም ያለችሽ።»

ማኒ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ነካኝ። እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ሳለሁ ርካሽ ልብስ እየገዛሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ለብሼ ስጥል ነው የኖርኩት። መካሪ አድርጎ ማን ሾመኝ ብዬ ልነሳ ስል በበሩ ክፍተት ኡርቪ ታየችኝ። የጥሪ ደብዳቤዋን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ መልሳ ታጥፋለች። ሳልነሳ ቀረሁ።

ማኒ በዚህ መሀል ቀዩን የሐር ሳሪ አንስታ ቀስ ብላ ሳበችው። በእጥፋቱ ላይ ተሰነጠቀ።

«ይኼን በነፃም አልወስደው እትዬ።»

ጃሹቤን ደነገጡ። «ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የለበስኩት። ለደግ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ነው።»

«ለዚያ ነዋ። ሐር ከዓመት እስከ ዓመት በአንድ እጥፋት ከተኛ ይበጣጠሳል። ይኼ ሰማያዊ ጥጥስ ስንት ዓመት ተለበሰ?»

«አሥራ አንድ።»

«ክሩን ይዩት፤ ምንም አልሆነ። አሁን ምን አስለፈለፈኝ? ገበያዬን በገዛ አፌ ዘጋሁት።»

እኔ ቀበል አደረግሁ። «እንግዲህ አክስቴ፣ ከሰማያዊው ረጅም ቀሚስ ከነሱሪው ይወጣል። ሐሩም እጥፋቱ ላይ ነው የሞተው፤ በደህናው በኩል ቢቆረጥ ሁለት እጅጌና አንገት ይሆናል፣ ጥለቱም ለሌላ ቀሚስ ጫፍ ይሆናል።»

«የደበዘዘውስ?»

«ቀለም ነካሪው ጋ ይሄዳል።»

«የሳሳውስ?»

«ተደራርቦ ይሰፋና የአልጋዋ ድሪቶ ይሆናል። ክረምት ላይ ታመሰግንዎታለች።»

«ሰው ውራጅ ነው ቢልስ?»

ሰው ሊል ይችላል። መልሱን ይዛ የወጣችው ኡርቪ ናት።

«ይበል እማዬ። ሰኞ ካልሄድኩ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ያኔ ስድስቱን አዲስ ልብስ ለብሼ የት ልሂድ?»

ጃሹቤን ቀና ብለው ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ ድስቱን በእግራቸው ገፋ አደረጉት።

«ማኒ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

«ጠዋቴን በሉት እኮ እትዬ።»

«ሻይ ትጠጫለሽ። መቀስ መያዝ ታውቂ የለ? ግቢ።»

ከዚያ እስከ እሁድ ድረስ የስፌት መኪናው አላረፈም። ጃሹቤን አንዴ ከወሰኑ የሚመልሳቸው የለም፤ እኔ ያጣመምኩትን ስፌት እየፈቱ መልሰው ያሰፉኝ ነበር። ከዘጠኙ ሳሪ አምስት ሙሉ ልብስ፣ ሁለት የአንገት ልብስና አንድ ድሪቶ ወጣ። ከገበያ የመጣው ክርና ቁልፍ ብቻ ነው። ሥራው ከዚያ የሚበልጥም አስተማረን፦ ልብስን አልፎ አልፎ እየገለጡ ማናፈስ፣ እጥፋቱን ማቀያየር፣ ቀዳዳው ሳይተልቅ በመርፌ መጥቀም፣ ልብስ ሲሰፉም ለነገ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅ ከውስጥ መተው። ይኼን የሚያውቅ ቤት ዓመት በዓል በመጣ ቁጥር አይጨነቅም፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ልጁን በጨርቅ ምክንያት ከትምህርት አያስቀርም።

ሰኞ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘናት። ኡርቪ የለበሰችው ሰማያዊውን ነው። ጃሹቤን አንገትጌዋን አስተካከሉላት።

«ከየት ገዛሽው ብለው ይጠይቁሽ ይሆናል» አሏት። «የእናቴ ነው በያቸው። ስትናገሪም ድምፅሽን ዝቅ እንዳታደርጊ።»