እትዬ ስፋት፦ ከፍጥነቱ መስመር ሥር ያለውን ያነበቡ እናት

ዛሬ ልንሰናበታቸው የተሰበሰብንላቸው እናታችን፣ በሥራ ባልደረቦቻቸው ዘንድ «እትዬ ስፋት» በሚል የፍቅር ስም የሚታወቁት፣ በባቡር ዲፖ የቶርኖ ሠራተኛ ከነበሩት አባታቸውና ከልብስ ሰፊዋ እናታቸው፣ ከሰባ አንድ ዓመት በፊት፣ ለቤቱ ሦስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ቤታቸው ከሃዲዱ ጥቂት እርምጃ ብቻ የሚርቅ ስለነበር፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ሲንጫጩ እየሰሙ አደጉ። ሌሎች ልጆች ፉርጎ ሲቆጥሩ እርሳቸው ግን «አሁንስ የት ደርሷል?» እያሉ እናታቸውን መግቢያ መውጫ ያሳጧቸው ነበር።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሒሳብን እንደ ውኃ የሚጠጡ ተማሪ ሆኑ፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርሱ ግን ፊዚክስ ተፈተኑና ያልጠበቁት ደረሰባቸው። ፈተናው ላይ የአንድ መኪና ፍጥነት ከጊዜ ጋር በመስመር ተሥሎ ቀርቦ፣ እርሳቸው መስመሩ ጠፍጣፋ በሆነበት ቦታ «መኪናው ቆሟል»፣ ወደ ታች ባዘቀዘቀበት ቦታ ደግሞ «ቁልቁለት እየወረደ ነው» ብለው ጽፈው ነበር። መምህራቸውም በቀይ እስክሪብቶ «ልጄ፣ ይህ ተራራ አይደለም» ብለው መለሱላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ደብተራቸው ውስጥ ቢሸጉጡትም ዕንባቸውን መሸሸግ አልቻሉም።

እኚያ ደግ መምህር ግን በማግስቱ ክፍሉን በሙሉ ወደ ኮሪደሩ አወጡና፣ አንዱን ተማሪ ሰዓት አስይዘው፣ ሌላዋን ጠመኔ አስጨብጠው፣ ወደ ኮሪደሩ ከወጣው ሰሌዳ ፊት አቁመው፣ እናታችንን በየሰከንዱ አንድ ሜትር ያህል እየተራመዱ ከዳር እስከ ዳር እንዲሄዱ አዘዟቸው። በሃያ ሰከንድ ኮሪደሩን ጨርሰው ዘወር ሲሉ፣ ሰሌዳው ላይ የተሠመረው መስመር ከአንድ ቁጥር ላይ ሳይነሳም ሳይወድቅም ቀጥ ብሎ ተዘርግቷል።

«ቆመሽ ነበር እንዴ?» አሏቸው መምህሩ።

«ኧረ ስሄድ ነበር!»

«እንግዲያው መስመሩ የሚያወራው ስለ ፍጥነትሽ ነው እንጂ ስለ ቦታሽ አይደለም። ቦታሽን ከፈለግሽ ከመስመሩ ሥር ያለውን ስፋት ለኪ።»

ከመስመሩ ሥር ያለው ሬክታንግል ቁመቱ አንድ፣ ርዝመቱ ሃያ ነበርና ስፋቱ ሃያ መጣ፤ ኮሪደሩም ልክ ሃያ ሜትር ነበር። በዚያው ፍጥነት ወደ ኋላ ሲመለሱ መምህሩ መስመሩን ከዜሮው በታች አሠመሩት፤ ከላይ ሃያ፣ ከታች ሃያ ተቀናነሰና ዲስፕሌስመንቱ፣ ማለትም ከመነሻቸው የራቁት ርቀት፣ ዜሮ ሆነ። ይህን እንደ ታላቅ የምሥራች ይዘው ቤት ሲገቡ፣ እናታቸው ከስፌት መኪናው ቀና ብለው «ይህን ሁሉ ጫማ ጨርሰሽ ዜሮ?» እንዳሏቸው፣ እርሳቸው እየሣቁ ለልጆቻቸው ይተርኩ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ጨርሰው በባቡር ድርጅቱ የፍጥነት መዝገብ ክፍል ተቀጠሩ። በየባቡሩ ላይ ፍጥነቱን ከጊዜ ጋር በጥቅል ወረቀት ላይ የሚሥል መሣሪያ ነበርና፣ የእርሳቸው ሥራ ወረቀቱን ዘርግቶ ከፍተኛውን ነጥብ ፈልጎ መጻፍ ብቻ ነበር። ከዚያ አልፎ የጠየቃቸውም፣ የሚሰማቸውም አልነበረም።

በተቀጠሩ በአራተኛው ዓመት፣ በአንድ ማለዳ፣ ወደ ጣቢያ ይገባ የነበረ የመንገደኛ ባቡር ከአንድ ፉርጎ ጋር ተጋጨና የነጂው ረዳት እግራቸው ተሰበረ። መስመሩን ቶሎ ለመክፈት ሲባል ባቡሩም ፉርጎውም ከቦታቸው ስለተነሱ፣ የት ላይ እንደተጋጩ የሚመሰክር ምልክት ጠፋ። ቀይ መብራት ጥሰው ፉርጎውን ገጭተዋል ተብለው የተከሰሱት፣ የስድስት ልጆች አባት የነበሩት ነጂ «ከቀዩ መብራት በፊት ቆሜያለሁ» ብለው ቢምሉም የሚያምናቸው አጡ፤ ከሥራ ታገዱ፤ እስር ቤትም ይጠብቃቸው ጀመር። ለክሱ ዋናው ማስረጃ በእናታችን እጅ የተጻፈችው አንዲት መስመር ነበረች፦ «ከፍተኛ ፍጥነት፣ በሰዓት ሰባ ሁለት ኪሎ ሜትር»። እርሳቸውም ይህን ሲሰሙ «በገዛ እጄ ሰው አስበላሁ» ብለው ምግብ አልወርድ አላቸው።

በሐዘን ብቻ ግን አልተቀመጡም። ጥቅሉን እንደገና ዘርግተው ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ገለበጡት፤ እያንዳንዷ ካሬ ቁመቷ በሰከንድ አምስት ሜትር፣ ርዝመቷ አሥር ሰከንድ፣ ስፋቷም ሃምሳ ሜትር እንድትሆን አደረጉ። ባቡሩ ከአደጋው በፊት ከቆመበት የመጨረሻ ማቆሚያ ተነስቶ ፍጥነት እስኪይዝ ስምንት ካሬ፣ በእኩል ፍጥነት ሲጓዝ አርባ ካሬ፣ ፍሬን ይዞ እስኪቆም ደግሞ አሥር ካሬ ሆነ። ሃምሳ ስምንት ካሬ፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሜትር ማለት ነው። አሁን የቀራቸው ከማቆሚያው እስከ ቀዩ መብራት ያለውን ርቀት ማወቅ ብቻ ነበር። የቅየሳ ክፍሉን ወጣት ባለሙያ ለምነው፣ እሑድ ጠዋት ሃዲድ ለሃዲድ ባለ ሃያ ሜትሩን ሜትር አንድ መቶ አርባ ስምንት ጊዜ አነጠፉት። ርቀቱ ሁለት ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሜትር ሆኖ ተገኘ። ባቡሩ ቀዩ መብራት ጋ ሊደርስ ስድሳ ሜትር ሲቀረው ቆሞ ነበር!

የክፍል አለቃቸው «አንቺ ጸሐፊ ነሽ፤ አርፈሽ ተቀመጪ» ቢሏቸውም አላረፉም። ከመርማሪዎቹ ፊት ቀርበው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት።

«ሰባ ሁለት እየበረረ የመጣ ባቡር እንዴት ብሎ ይቆማል?» አሉ ሰብሳቢው።

«ጌታዬ፣ ከፍታውን ብቻ አይዩት። ከፍታው ምን ያህል እንደፈጠነ ነው የሚነግርዎ። የት እንደደረሰ የሚነግርዎ ስፋቱ ነው። ካላመኑኝ እርስዎ ይቁጠሩት።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አድርገው በእርሳስ ጫፍ አንድ በአንድ ቆጠሩ፤ ሃምሳ ስምንት ሲሉም ቀና ብለው ርቀቱ ዳግም እንዲለካ አዘዙ። በሌሎች ባለሙያዎች ሲለካም ያው ሆነ፤ ፉርጎውም ሲመረመር የእጅ ፍሬኑ ሰንሰለት ተበጥሶ፣ በራሱ ተንከባልሎ ወርዶ የቆመውን ባቡር እንደገጨ ታወቀ። ነጂው ወደ ሥራቸው ተመልሰው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌላ አደጋ ሳያደርሱ ነድተው በክብር ጡረታ ወጡ፤ ዛሬም በዚህ ጉባኤ መካከል በከዘራቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። «እትዬ ስፋት» የሚለውን ስም ያወጡላቸውም እርሳቸው ናቸው።

ያን እሑድ የሜትሩን ሌላ ጫፍ የያዙላቸው ቀያሽ፣ «አንድ መቶ አርባ ስምንት ጊዜ አጎንብሼ ሳያገቡኝ አይቀሩም» ብለው በቀለዱ በዓመቱ ተጋቡ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በሰላም ኖረው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። እናታችን ባለቤታቸውን ከስድስት ዓመት በፊት በሞት ቢነጠቁም፣ ቤታቸው ሣቅ አልጎደለበትም።

ከዚያ ምርመራ በኋላ ድርጅቱ እናታችንን የነጂዎች ማሠልጠኛ መምህርት አድርጎ ሾማቸው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያስተምሩ የተሳሳተን ሠልጣኝ አንድም ቀን አላሳፈሩም። ጠፍጣፋውን መስመር «ቆሟል» ላለ ሁሉ «አይዞህ፣ እኔም እንዲያ ብያለሁ» ይሉ ነበር። ጎልማሶቹ ነጂዎች በሴት በመማራቸው በመጀመሪያ ቢያኮርፉም፣ ኋላ ግን ልጆቻቸውን ሳይቀር ለጥናት ወደ ቤታቸው ይልኩ ጀመር።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በልብ ድካም ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ደረጃ መውጣት ቢያቅታቸውም ወደ ቤታቸው የሚመጡትን ልጆች ማስተማሩን ሳይተዉ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በመኖሪያ ቤታቸው፣ ልጆቻቸው በተገኙበት፣ ያለ ጭንቅ ዐርፈዋል።

እናታችን ሦስት ልጆች፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ አንዲት ታናሽ እኅትና ከሦስት መቶ የሚበልጡ ተማሪዎችን ትተውልን ሄደዋል። ከተማሪዎቻቸው ዘጠኙ ሴት ባቡር ነጂዎች ሲሆኑ፣ ስምንቱ እዚህ አብረውን አሉ። ዘጠነኛዋ ተረኛ በመሆኗ፣ በዚህ ሰዓት መንገደኞቿን ይዛ በጉዞ ላይ ናት፤ እትዬም ቢሰሙ ሥራሽን ጥለሽ ነይ አይሏትም ነበር። ፈጣሪ የእናታችንን ነፍስ በማያልቅ ዕረፍቱ ይቀበልልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለእኅታቸውና ለሁላችንም መጽናናቱን ይስጠን፤ ያቺን ልጅና መንገደኞቿንም በሰላም ያግባልን። አሜን።